ለወንድሜ ሳይኮሎጂስት የት ላግኝ? ሥራቸውስ በትክክል ምንድን ነው?

የሰሚት እህት

ሰላም ለሁላችሁም። እዚህ ብዙ ጊዜ አነባለሁ እንጂ ጽፌ አላውቅም። ዛሬ ግን ጨንቆኝ ነው።

ታናሽ ወንድሜ 24 ዓመቱ ነው። አምና ተመርቆ ጥሩ ሥራ ይዞ ነበር። ከአራት ወር በፊት ከመገናኛ ወደ ቤት ሲመጣ ታክሲ ውስጥ ድንገት ልቡ ይመታ ጀመር። እጁ ደነዘዘ፤ ትንፋሽ አጠረው። «እየሞትኩ ነው» ብሎ መንገድ ላይ ወርዶ ደወለልኝ። ሆስፒታል ይዤው ሄድኩ። ኢሲጂ (የልብ ምት ምርመራ) ተነሳ፣ ደም ተመረመረ፤ «ምንም የለብህም» ተባለ። ከዚያ ወዲህ አምስት ጊዜ ተመላልሶበታል። ኢኮ (የልብ አልትራሳውንድ) ተነስቷል፣ ታይሮይድም ታይቷል። ሁሉም ደህና ነው። አሁን ታክሲ የሚባል ነገር አይሳፈርም። ሥራውንም ተወ። ቤት ቁጭ ብሎ የልቡን ምት ሲቆጥር ይውላል።

የመጨረሻው ሐኪም «ሳይኮሎጂስት ጋ ውሰጂው» አለኝና ቀጣዩን ታካሚ ጠራ። የት ነው የምወስደው? አማኑኤል ነው? እናታችን ያንን ስም ስትሰማ አለቀሰች። «ልጄ አላበደም» አለች። ጠበል እንውሰደው ትላለች። እሱ ደግሞ «ወሬ ልቤን አያድነውም» ይላል።

ሳይኮሎጂስት ምንድን ነው የሚሠራው? ከአእምሮ ሐኪም በምን ይለያል? የምታውቁ እባካችሁ ንገሩኝ።

---

የሌሊት ተረኛ

እህቴ፣ እንኳን ጻፍሽ። መንግሥት ሆስፒታል፣ የአእምሮ ሕክምና ክፍል ውስጥ ነርስ ነኝ። ወንድምሽን ሳላየው ምን እንዳለበት ልነግርሽ አልችልም። የነገርሽንን ዓይነት ታሪክ ግን እኛ ጋ ደጋግመን እንሰማለን። ብዙዎቹ ልክ እንደናንተ መጀመሪያ የልብ ሐኪም ጋ ዞረው ነው የሚመጡት። መመርመራችሁ ልክ ነው፤ ገንዘቡም በከንቱ አልወጣም። የልብና የታይሮይድ ችግር እንደሌለ መታወቅ አለበት።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። ሳይካትሪስት፣ አንቺ የአእምሮ ሐኪም ያልሽው ማለት ነው፣ መጀመሪያ ሐኪም የሆነ ሰው ነው። ሕክምና ጨርሶ፣ ከዚያ በአእምሮ ሕክምና ስፔሻላይዝ ያደረገ። መድኃኒት ያዛል፣ ካስፈለገም ያስተኛል። ይህ ትምህርት አገራችን ውስጥ መሰጠት የጀመረው በ1995 ዓ.ም. ነው፣ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ። ከዚያ በፊት ውጭ አገር ሄዶ መማር ግድ ነበር። ለዚህ ነው እስካሁን ቁጥራቸው ትንሽ የሆነው።

ሳይኮሎጂስት ሐኪም አይደለም። መድኃኒት አያዝም። ሥራው ሰውየው የሚያስበውን፣ የሚሰማውንና የሚያደርገውን ነገር አብሮት መመርመር ነው። ከዚያ ደግሞ ደረጃ በደረጃ ማለማመድ። ለሕክምና የምትፈልጊው ክሊኒካል ሳይኮሎጂስት የሚባለውን ነው። ይህ ሰው ከመጀመሪያ ዲግሪ በላይ የተማረና ታካሚ እያየ የተለማመደ ነው። በሳይኮሎጂ የተመረቀ ሁሉ ሕክምና ይሰጣል ማለት አይደለም። ብዙዎቹ ትምህርት ቤት ወይም ድርጅት ውስጥ የሚሠሩ ናቸው። እንደ እኔ ያሉ የአእምሮ ጤና ነርሶችም አሉ። ብዙ ቦታ መጀመሪያ የምታገኙት እኛን ነው።

ስለ አማኑኤል አንድ ነገር ልበል። ለብዙ ዘመን አገሪቱ የነበራት የአእምሮ ሆስፒታል እሱ ብቻ ነበር። ስሙ ከእብደት ጋር የተጣበቀው ለዚያ ነው። በተመላላሽ መጥተው ታይተው ወደ ሥራቸው የሚመለሱት ስንት እንደሆኑ እናትሽ ቢያዩ ይገርማቸው ነበር። መምህር አለ፣ ሹፌር አለ፣ ተማሪ አለ። ግን የግድ እዚያ መሄድ የለባችሁም። ጳውሎስ፣ ዘውዲቱ፣ ጥቁር አንበሳ የአእምሮ ሕክምና ክፍል አላቸው። ለእናንተ ደግሞ የካ ኮተቤ ቅርብ ነው። በኮሮና ጊዜ ስሙን የሰማችሁት ሆስፒታል ነው፤ የአእምሮ ሕክምናም አለው።

መጀመሪያ የወረዳችሁ ጤና ጣቢያ ሂዱና ሪፈር አጽፉ። የጤና መድህን ካላችሁ ያለ ሪፈር አያስተናግዷችሁም። የምርመራ ውጤቶቹን ሁሉ ያዙ፤ እንደገና አታስመርምሩት።

---

ሶፍት ያለቀበት

እኔ የማውቀውን ከታካሚው ወንበር ልንገርሽ።

አባቴ ከሞተ በኋላ እንቅልፍ የሚባል ነገር ጠፋ። ሥራ እገባለሁ፣ እወጣለሁ። ቅዳሜና እሁድ ከአልጋ አልነሳም። ሰው ሁሉ «አይዞህ» ይለኛል። አይዞህ የሚለውን ቃል እስክጠላው ድረስ ሰማሁት። በስተመጨረሻ ባለቤቴ ናት ቀጠሮ ያስያዘችልኝ።

የመጀመሪያ ቀን ሶፋ ላይ አጋድመው ስለ ሕፃንነቴ የሚጠይቁኝ መስሎኝ ነበር። ሁለት ወንበር፣ ትንሽ ጠረጴዛ፣ ሶፍት። በቃ። 50 ደቂቃ ተሰጠኝ። ሴትየዋ ስንት ሰዓት እንደምተኛ፣ ስንት ቡና እንደምጠጣ፣ ጫት እቅም እንደሆነ፣ መጠጥ እንዴት እንደሆነ ጠየቀችኝ። ዘጠኝ ጥያቄ ያለው ወረቀት ሰጠችኝ። «ባለፉት ሁለት ሳምንታት ይህ ስንት ቀን አስቸገረህ?» የሚል ነው። የሞት ሐሳብ መጥቶብኝ እንደሆነ ፊት ለፊት ጠየቀችኝ። እንደዚያ ብሎ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። መጥቶብኝ ነበር። አለቀስኩ።

እህቴ፣ ያቺ ሴት አንድም ቀን ምክር አልሰጠችኝም። «እንዲህ አድርግ፣ እንዲያ አታድርግ» የለም። መጀመሪያ አናደደኝ። ከፍዬ መጥቼ እኔው ነኝ የማወራው? እያልኩ። ቀስ ብሎ ነው የገባኝ። ምክር ከሁሉም ቤት ሞልቷል። እሷ ጋ የነበረው ጥያቄ ነው። አንድ ቀን «አባትህ ከመሞቱ በፊት ቅዳሜ ቅዳሜ ምን ታደርግ ነበር?» አለችኝ። ከልጄ ጋር ኳስ ጨዋታ አይ ነበር። «በዚህ ሳምንት 20 ደቂቃ ብቻ፣ ደስ ባይልህም» አለች። የቤት ሥራ ነው። ደስ አላለኝም። በሦስተኛው ሳምንት ግን ልጄ ሲስቅ እኔም ስቄ ራሴን አገኘሁት።

ሌላው ነገር፣ እሷ የመጀመሪያዋ አይደለችም። ከሷ በፊት ሌላ ሰው ጋ ሦስት ጊዜ ሄጄ ነበር። ከእኔ በላይ የሚያወራው እሱ ነበር። ይቅርታ ጠይቄ ተውኩ። የመጀመሪያው ካልሆነላችሁ ሕክምናው አይሠራም ማለት አይደለም፤ ሰው ቀይሩ።

---

ጋሽ ታዛቢ

ልጆች፣ በክፉ አትዩብኝ። እኔ 67 ዓመቴ ነው። በኛ ጊዜ ሰው ሲጨንቀው ጎረቤት ነበር፣ ዕድር ነበር፣ የንስሐ አባት ነበር። ቡና ተፈልቶ ሁሉም ሆዱን ያወጣል። አሁን ለማያውቁት ሰው ገንዘብ ከፍሎ ማውራት ለኔ ይከብደኛል። ልጁን አትርዱት እያልኩ አይደለም። የነበረንን ጥለን ሌላ ፍለጋ እንዳንሄድ ነው።

---

የሌሊት ተረኛ

ጋሽ ታዛቢ፣ ልክ ኖት፤ የነበረው ይያዝ። ታካሚ ስንቀበል «ሲጨንቅህ ማንን ታዋያለህ?» ብለን የምንጠይቀው እኮ ለዚያ ነው። ሰው የሌለው ታካሚ ነው የሚያስፈራን።

ልዩነቱ እዚህ ጋ ነው። የዚህ ልጅ ጎረቤቶች ይወዱታል። እናቱና እህቱ አብረውት አሉ። ግን ለምን እጁ እንደሚደነዝዝ የሚያስረዳው ሰው አላገኘም። ሰው ሲደነግጥ ቶሎ ቶሎ ይተነፍሳል። ቶሎ ቶሎ ሲተነፍስ ደሙ ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይቀንሳል። ያኔ ጣት ይደነዝዛል፣ ራስ ይዞራል፣ ደረት ይጨንቃል። እሱ ደግሞ ያንን ሲሰማ «ልቤ ነው» ይላል። የበለጠ ይደነግጣል፤ የበለጠ ይተነፍሳል። ለታካሚዎቼ ስለ ዘበኛ ውሻ እነግራቸዋለሁ። ንፋስ ቅጠል ባንቀሳቀሰ ቁጥር የሚጮህ ውሻ አለ። ጩኸቱ እውነተኛ ነው፤ ሌባ ግን የለም። ውሻውን ቀስ ብሎ ማስለመድ ይቻላል። ታክሲውን በተወ ቁጥር ግን ውሻው «ልክ ነበርኩ» ብሎ ይማራል።

ይህን ማስለመድ ሙያ ነው። ጎረቤት በፍቅር ብቻ አያደርገውም። እንዲያውም በፍቅር «ተወው፣ አትሳፈር፣ እኔ እወስድሃለሁ» ይላል።

---

የሦስት ልጆች እናት

ልጄ፣ ስለ እናትሽ ልጻፍልሽ። እኔም እሷ ነበርኩ።

ትልቋ ልጄ ከቤይሩት ስትመለስ አታወራም ነበር። ሌሊት ትጮሃለች። በር ሲንኳኳ ትደበቃለች። እኔ ጠበል ወሰድኳት። እንጦጦ ሁለት ሳምንት ተቀመጥን። ጠበሉን አልነቅፍም፤ እኔን ያቆመኝ እሱ ነው። አንድ ቀን ያጠምቁ የነበሩት አባት ጠርተው «ይህች ልጅ ያየችው ነገር አለ። ሐኪም ዘንድም ውሰጃት፤ ሐኪምም የእግዚአብሔር ነው» አሉኝ። እንደዚያ ባይሉኝ አልወስዳትም ነበር።

ነፍሳቸውን ይማርና አቡነ ጳውሎስ በሕይወት ሳሉ የኤች አይ ቪ መድኃኒትን ከጠበል ጋር አብራችሁ ውሰዱ ብለው በአደባባይ ተናግረው የለ? እዚያው እንጦጦ ማርያም ደግሞ የአእምሮ ሐኪሞች ከካህናቱ ጋር አብረው የሠሩበት ጊዜ ነበር። እናትሽን «ጠበሉን ተይ» አትበያት። «ጠዋት ጠበል፣ ከሰዓት ቀጠሮ» በያት። ከተቻለ የንስሐ አባታችሁ ይንገሯት። የታዘዘ መድኃኒት ካለ ግን ለጠበል ተብሎ እንዳይቋረጥ፤ እሱን ተጠንቀቁ።

ልጄ ዛሬ የራሷ ሱቅ አላት። አንዳንድ ሌሊት አሁንም ትነቃለች። ምን ማድረግ እንዳለባት ግን ታውቃለች።

---

ብርቱካን

ሁሉም መልካም ነው። እኔ ግን የተጎዳሁበትን ልንገራችሁ፣ ሌላ ሰው እንዳይጎዳ።

«የሥነ ልቦና ምክር» የሚል ታፔላ አይቼ ገባሁ። ሰውየው በጣም ተግባቢ ነበር። ስለ ትዳሬ ለማንም ያልነገርኩትን ነገርኩት። ከወር በኋላ አክስቴ ደውላ ሁሉንም ነገረችኝ። ለካ ይተዋወቃሉ። በኋላ ሳጣራ የሦስት ቀን ሥልጠና ወስዶ ነው ቢሮ የከፈተው። ለሁለት ዓመት ለማንም ምንም አልተናገርኩም።

ስለዚህ ስትደውይ ጠይቂ፤ ነውር አይደለም። ምን ተማሩ? የት ነው ታካሚ እያዩ የተለማመዱት? የሙያ ፈቃድ አለዎት? የምነግርዎ ነገር ለማን ሊወጣ ይችላል? እውነተኛ ባለሙያ በዚህ አይቀየምም። አሁን የማያት ሴት እንዲያውም ገና ሳልጠይቃት ነው የነገረችኝ። የምነግራት እዚያው ይቀራል። ራሴን ወይም ሌላ ሰው ልጎዳ ከሆነ ግን ዝም አትልም። ይህን መጀመሪያ መስማቴ ነው ያሳመነኝ።

«በሦስት ቀን አድንሃለሁ» የሚልን፣ መድኃኒትህን ጣል የሚልን፣ ማታ ማታ ሻይ እንጠጣ የሚልን ሰው ሽሹ። ዘመድን ወይም ጓደኛንም አትምረጡ፣ ምንም ጎበዝ ቢሆን። ዋጋው ከቦታ ቦታ በጣም ይለያያል። በስልክ ጠይቂና ስንት ጊዜ ልትመላለሱ እንደምትችሉ አስልታችሁ ጀምሩ። ሁለተኛው ሳምንት ላይ ገንዘብ አልቆ ከማቋረጥ ከመጀመሪያው መንግሥት ሆስፒታል ወረፋ መያዝ ይሻላል።

---

ከሲልቨር ስፕሪንግ

ውጭ ላላችሁ አንድ ሁለት ነገር። እዚህ አሜሪካ ሳይኮሎጂስት የሚለው ስም በሕግ የተጠበቀ ነው። አብዛኞቹ ዶክትሬት አላቸው። ግን ተመሳሳይ ሕክምና የሚሰጡ ፈቃድ ያላቸው ሶሻል ወርከሮችና ካውንስለሮች ብዙ ናቸው። በእነሱ በኩል ቶሎ ቀጠሮ ሊገኝ ይችላል። ኢንሹራንስ ካርዳችሁ ጀርባ ላይ ያለው ቁጥር ደውሉና አማርኛ የሚናገር ካለ ጠይቁ።

አስተርጓሚ መጠየቅም መብታችሁ ነው። እኔ የመጀመሪያ ቀን አስተርጓሚ ሆኖ የመጣው ሰው የቤተ ክርስቲያናችን ዘማሪ ነበር። አፌ ተያዘ። ከዚያ ወዲያ ሌላ ስቴት ያለ አስተርጓሚ በስልክ ይሁንልኝ አልኩ፤ አደረጉልኝ። ልጆቻችሁን አስተርጓሚ አታድርጉ፤ ለእናትም ለልጅም ሸክም ነው። ራሱን ሊጎዳ የሚያስብ ሰው ካለ 988 የሚባለው የስልክ መስመር በቀንም በሌሊትም ይሠራል።

---

ኮምቦልቻ

እኛ ክፍለ ሀገር ያለነውስ? ደሴ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና አለ፤ እኔም እዚያ ነው የጀመርኩት። ያየኝ ነርስ ነው፤ ጥሩ ሰው ነው። ለንግግር ሕክምናው ግን ጊዜ የለውም፤ ኮሪደሩ ሁሌ ሙሉ ነው። አሁን አዲስ አበባ ካለ ሳይኮሎጂስት ጋር በሁለት ሳምንት አንዴ በስልክ እንገናኛለን። ቤት ውስጥ ሰው ስለሚበዛ ሱቄን ዘግቼ ዕቃ ማስቀመጫው ውስጥ፣ ማዳበሪያው ላይ ተቀምጬ ነው የማወራው። ኔትወርክ ሲቆረጥ «ካቆምንበት እንቀጥላለን» ትለኛለች። ፊት ለፊት ይሻላል፤ ከምንም ግን ይህ ይሻላል።

---

የሰሚት እህት

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሁሉንም ለወንድሜ አነበብኩለት። እጁ የሚደነዝዝበትን ምክንያት ሁለት ጊዜ ድገሚልኝ አለኝ። ጋሽ ታዛቢ፣ እርስዎንም ወዶዎታል። «እኔም የማላውቀው ሰው ነው የከበደኝ» አለ።

አንድ ጥያቄ አለኝ። ትናንት «እንዲህ ከምኖር ብሞት ይሻላል» አለ። ስለ ሞት ብጠይቀው ሐሳቡን እኔው እንዳልሰጠው ፈራሁ።

---

የሌሊት ተረኛ

ጠይቂው። ዛሬውኑ። መጠየቅ ሐሳቡን አይሰጠውም፤ ካለም ያቀልለታል። ረጋ ብለሽ፣ በቀጥታ፣ «ራስህን ለመግደል አስበህ ታውቃለህ?» በይው። አዎ ካለ እንዴት እንደሆነ፣ መቼ እንደሆነ ያሰበው ነገር አለ ወይ ብለሽ ጠይቂ። እቅድ ካለው ብቻውን አትተዪው። ቤት ውስጥ ያለውን መድኃኒት፣ መርዝ፣ በረኪና አንሺ። ቀጠሮ ሳትጠብቂ ድንገተኛ ክፍል ውሰጂው። የሚለውን ጻፊልኝ፤ ዛሬ ተረኛ ነኝ፣ ስልኬን አያለሁ።

---

የሰሚት እህት

ጠየቅኩት። ከመሰላቸት የተናገረው ነው፤ አላሰበውም፣ እቅድም የለውም። ግን ስጠይቀው አቀፈኝ። ነገ ጠዋት ጤና ጣቢያ እንሄዳለን።

---

የሰሚት እህት (ከአምስት ሳምንት በኋላ)

የጠየቃችሁኝ ስላላችሁ ልንገራችሁ።

ጤና ጣቢያ ሪፈር ጻፉልን። ሆስፒታል ሁለት ጊዜ ተመላልሰን ሦስተኛው ላይ ሳይኮሎጂስቱ ጋ ደረስን። እናቴ አብራ ሄደች። ጠዋት ጠበል፣ ከሰዓት ቀጠሮ፤ የሦስት ልጆች እናት፣ ያሉኝን ነው ያደረግኩት።

ሰውየው ወጣት ነው። መጀመሪያ ቀን መጠየቅ ብቻ። ወንድሜ በቀን አምስት ስኒ ቡና እንደሚጠጣ ያኔ ነው የሰማሁት። ሁለተኛው ቀን የሆነውን ወንድሜ ራሱ ባይነግረኝ አላምንም ነበር። ደረጃው ላይ ወስዶ አብሮት ሮጦ ወጣ። ሁለት ፎቅ። ልባቸው ሲመታ ቁጭ አሉና ጠበቁ። «አሁን ልብህ እየመታ ነው። ሞትክ?» አለው። ራሱ እስኪረጋ ድረስ አብረው ተቀመጡ። ወንድሜ ወጥቶ ሲነግረን ፊቱ ሌላ ነበር።

ከዚያ ከቀላሉ እስከ ከባዱ ዝርዝር አጻፈው። ታክሲ ተራ ሄዶ መቆም። ሳይሄድ ታክሲ ውስጥ መቀመጥ። በር ጋ ሆኖ እስከ ሲኤምሲ። ከኋላ ወንበር እስከ ጉርድ ሾላ። መጨረሻው መገናኛ ነው፣ በሥራ መውጫ ሰዓት። ልቡ ቢመታም እንዳይወርድ ነው የቤት ሥራው፤ እስኪያልፍ መቀመጥ። ሁለተኛው ሙከራ ላይ «ወራጅ አለ» ብሎ ወርዷል። አዝኖ ነበር። ሰውየው ግን አልተቆጣውም፤ ወደ ቀደመው ደረጃ መለሰው።

ትናንት ጉርድ ሾላ ደርሶ ተመለሰ። የውኃ ጠርሙስ ይዞ ነው የሚሄደው። ቀጥሎ እሱንም ቤት ትተህ ውጣ ተብሏል። መገናኛ ገና ነው።

አንድ ነገር ልጠይቅ። ትናንት እናቴ በር ላይ ቆማ ስትጠብቀው ነበር። ሲገባ ምንም አላለችም። ማታ ግን መኝታ ክፍሌ መጥታ «ያ ልጅ እኔንም ያናግረኝ ይሆን?» አለችኝ። አባታችን ካረፈ ጀምሮ እንቅልፍ የላትም። ይቻላል?

---

የሌሊት ተረኛ

ይቻላል። ለብቻዋ ካርድ አውጪላት። ከወንድምሽ ጋር አንድ ሰው ባያያቸው ይመረጣል፤ ሌላ ባለሙያ እንዲመድቡላት ካርድ ክፍል ንገሪ። ወረፋው ቀለል የሚልበት ቀን ካለ ጠይቃችሁ በዚያ ቀን ሂዱ፤ ካልሆነ በጠዋቱ ድረሱ። የእንቅልፏን ሰዓት ለሁለት ሳምንት ማስታወሻ ላይ ጻፊላትና ይዛ ትምጣ።